የደጃፉ ውኃ ወዴት ይሄዳል?

ግንቦት ተጋምሷል። ከሰዓት በኋላ ደመናው መሰብሰብ ጀምሯል፤ እንደ ልማዱ አንድ ሁለቴ አስፈራርቶን ሰኔ ላይ የምሩን ይመጣል። የዛሬው ዝግጅታችን ስለ ቤት ደጃፍ ነው። ከግቢው በር እስከ ቤቱ ደረጃ ያለችው፣ መንገደኛ በዓይኑ የሚመዝናት፣ እንግዳ በእግሩ የሚረግጣት ቁራሽ መሬት ስትጎሳቆል እንዴት መልሰን እናቅናት? የምናወራው ጎንደር ከተማ ላላችሁ ነው፤ ወገራን አልፋችሁ ዳባትና ደባርቅ የምትኖሩትንም መጨረሻ ላይ አንረሳችሁም።

ሰው ደጃፉን ላሳምር ብሎ ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ የሚሮጠው ወደ ቀለም መደብርና ወደ ችግኝ ሻጭ ነው። ጥምቀት ሲቃረብ አጥሩ ይቀባል፣ አበባው ይተከላል፣ ለጥር 11 ግቢው አምሮ እንግዳ ይቀበላል። እዚያው ግቢ መጋቢት ላይ ብትመለሱ አበባው ጭራሮ ሆኗል። ነሐሴ ላይ ብትመለሱ ደግሞ የግድግዳው እግር በጭቃ ተረጭቶ ቀለሙ እየተላጠ ነው። ባለቤቱ ቀለሙን ይረግማል፣ ችግኝ ሻጩን ይረግማል። ሁለቱም ጥፋት የለባቸውም። የጎንደርን ደጃፍ የሚያስረጀው ውኃ ነው፤ ሦስት አራት ወር ይበዛል፣ ስምንት ወር ደግሞ ይጠፋል። ለበዛው መሄጃ፣ ለጠፋው መተኪያ ሳያበጁ ቀለምና አበባ ላይ የሚወጣ ገንዘብ በየዓመቱ ደግሞ የሚወጣ ገንዘብ ነው። ስለዚህ ዛሬ ከውኃው እንጀምራለን፤ ቀለሙም አበባውም ተራቸው ይደርሳል።

ለመነጋገር እንዲመቸን አንድ ግቢ በሐሳባችን እንሥራ። ቸቸላም ሊሆን ይችላል፣ ማራኪም፣ አዘዞም። ወርዱ 8 ሜትር ነው፣ ከአጥሩ እስከ ቤቱ 5 ሜትር። ቤቱ የጭቃ ቤት ነው፤ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ በረንዳው ሊሾ። አጥሩ ዝገት የበላው ቆርቆሮ ነው። ከበሩ እስከ በረንዳው የነበረው ሊሾ ተሰነጣጥቆ በየስንጥቁ ሣር በቅሏል። አንድ ጥግ ላይ የፈረንጅ ጥድ ያለ ከርካሚ አድጓል፤ ሌላው ጥግ ከቤት ሥራ የተረፈ ብሎኬት፣ የተቀደደ ጄሪካንና “አንድ ቀን ይጠቅማል” የተባለ አሮጌ ቆርቆሮ ተከምሯል። ብዙዎቻችን ይህን ግቢ እናውቀዋለን።

ክምሩን አንሡት። ስለዚህ ብዙ አልናገርም፤ ያ አንድ ቀን እንዳልመጣ ሁላችንም እናውቃለን። ጥዱን ለጊዜው ተዉት፤ እንመለስበታለን።

አሁን ወደ ውኃው። ጎንደር በዓመት ወደ 1,100 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ውኃ ነው። የጣሪያችሁ ስፋት 60 ካሬ ሜትር ከሆነ በዓመት 66 ሺህ ሊትር ይወርድበታል ማለት ነው። ከዚህ የሚረጨውንና የሚተነውን ብንቀንስ እንኳ ከ50 ሺህ ሊትር በላይ በጣሪያው ጫፍ በኩል ወደ ግቢው ይወርዳል። በአንድ ከሰዓት 30 ሚሊ ሜትር የሚዘንብበት የሐምሌ ቀን ብርቅ አይደለም፤ ያን ቀን ጣሪያው ብቻውን 1,800 ሊትር ያወርዳል። ያ ሁሉ ውኃ የት ይሄዳል? አሸንዳ ከሌለ ከጣሪያው ጫፍ ሥር ጉድባ ይቆፍራል፣ ጭቃውን መልሶ ግድግዳው ላይ ይረጫል፣ ቀሪው ወደ መሠረቱ ይሰርጋል። የጭቃ ቤት የሚታመመው ከእግሩ ነው፤ ከላይ የምታዩት የልስን መሰንጠቅ ብዙ ጊዜ ከታች የጀመረ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ገንዘብ ለአሸንዳ ይውጣ። አቅም ካለ ከአሸንዳው ወደ ሮቶ፣ ከሌለ ወደ በርሜል ይግባ። የክረምቱን የመጀመሪያ ዝናብ አታጠራቅሙት፤ የስምንት ወር አቧራና የወፍ ኩስ ይዞ ነው የሚወርደው። ሮቶው ሲሞላ የሚተርፈውን ውኃ ከቤቱ የሚያርቅ መውጫ ቱቦ ይኑረው፤ ትንኝ እንዳይራባም ክዳኑ ይገጠም። አሸንዳ ዘንድሮ አይቻለኝም የምትሉ ደግሞ ሌላ መላ አለ። የጣሪያው ውኃ በሚያርፍበት መስመር ላይ 40 ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ቆፍሩና ጠጠር ሙሉበት። ውኃው ጠጠሩ ላይ ሲያርፍ ጭቃ አይረጭም፤ ጉድጓዱ ወደ ግቢው ውኃ መውጫ ትንሽ ካዘነበለ ደግሞ ውኃውን ይዞት ይሄዳል። ርካሽ ነው፤ እይታውም ንጹሕ ነው። እኔ እንዲያውም አሸንዳ ያላቸው ቤቶችም ይህን የጠጠር ጠርዝ ቢሠሩ እወዳለሁ።

ቀጥሎ መሬቱን ማስተካከል ነው። ግቢው ከቤቱ ወደ ውጭ በአንድ ሜትር ቢያንስ 2 ሳንቲ ሜትር መውረድ አለበት። የእኛ ግቢ 5 ሜትር ስለሆነ አጥሩ ጋ ሲደርስ ከበረንዳው ሥር 10 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ይላል ማለት ነው። ዓይን እዚህ ላይ ይዋሻል። ግንበኞቻችን የሚጠቀሙበትን ብርሃን የሚያሳልፍ ቀጭን ላስቲክ ቱቦ ውኃ ሞልታችሁ ውኃ ልክ ያዙበት። የጎንደር ግቢ ደግሞ ብዙ ጊዜ ተዳፋት ላይ ስለሆነ ችግሩ ተቃራኒ የሚሆንበት አለ፤ መንገዱ ከላይ፣ ቤቱ ከታች። እንዲህ ሲሆን የመንገዱን ውኃ ከበሩ ሥር በፍርግርግ የተሸፈነ ቦይ ተቀብሎ በጎን ማሳለፍ ግድ ነው። በጎን ማለት ግን ወደ ጎረቤት ማለት አይደለም። ስንት ጉርብትና በአንድ ቱቦ እንደተበላሸ የቀበሌ ሽማግሌዎች ይመስክሩ።

ተዳፋቱ ከበዛ እርከን ሥሩ። ይህን ለሰሜን ጎንደር ሰው ማስተማር ድፍረት ነው፤ እርሻውን በድንጋይ ከልሎ ይዞ የኖረ ሕዝብ ነው። እርሻው ላይ እርከን የሚያውቅ ሰው ከተማ ሲገባ ግን ያንኑ ድንጋይ በሲሚንቶ ድፍን አድርጎ ይገነባና በሁለተኛው ክረምት ግንቡ ሆዱን ገፍቶ ይወድቅበታል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ከግንቡ ጀርባ ያለው አፈር ውኃ ጠጥቶ ይከብዳል፣ ውኃው መውጫ የለውም። ወይ ድንጋዩን ያለ ሲሚንቶ ወደ ውስጥ በትንሹ አዘንብላችሁ ደርድሩት፣ ወይ በየሜትር ተኩሉ ውኃ ማውጫ ቀዳዳ ተዉለት፣ ከጀርባውም ጠጠር አድርጉለት። 60 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው የድንጋይ እርከን ለመቀመጫም ይሆናል።

አፈራችሁን ደግሞ እወቁ። ወደ አዘዞና ወደ ደምቢያ ሜዳ ስትወርዱ ዋልካው ይበዛል። ዋልካ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይኮማተርና እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። ዋልካ ላይ የተነጠፈ ሊሾ የሚሰነጠቀው ሊሾ አንጣፊው ስላልቻለበት ላይሆን ይችላል፤ መሬቱ ራሱ ከሥር እየተነሣና እየተቀመጠ ነው። ስለዚህ መተላለፊያውን መልሳችሁ ሊሾ አታድርጉት። ድንጋይ አንጥፉበት።

የድንጋይ ንጣፍ አሠራሩ ከባድ አይደለም። መተላለፊያው 1 ሜትር ከ20 ይስፋ፤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ያስኬዳል፣ እህል የተሸከመም ያለ ችግር ያልፍበታል። 20 ሳንቲ ሜትር ቆፍሩ፤ ዋልካ ከሆነ 30 አድርሱትና ገረጋንቲ ሙሉበት፣ ውኃ እያርከፈከፋችሁ በደንብ ጠቅጥቁ። በላዩ 5 ሳንቲ ሜትር አሸዋ፣ ከዚያ ድንጋዩ። በድንጋዮቹ መካከል ሲሚንቶ አታፍሱ፤ አሸዋ በመጥረጊያ እየጠረጋችሁ አስገቡበት። ድንጋዩ ቢንቀሳቀስ እንኳ አንሥቶ መልሶ ማስቀመጥ ነው፤ ውኃም በመካከሉ ይሰርጋል። ከተሞቻችን ውስጥ ለውስጥ መንገዳቸውን በጥርብ ድንጋይ ሲያነጥፉ የተከተሉት ዘዴ ይኸው ነው። ብዙ ወጣቶችም በዚያ ሥራ ሙያውን ስለተማሩት ዛሬ የሚሠራላችሁ ሰው በየሰፈሩ ታገኛላችሁ። ድንጋዩም የእኛው ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ከፋሲል ግቢ ጋር የሚዛመድ ደጃፍ ከዚህ በርካሽ አይገኝም።

ከመተላለፊያው ግራና ቀኝ ያለውን ቦታ ሁሉ በአበባ መደብ ለመሙላት ትቸኩሉ ይሆናል። ቆይ! ይህ ግቢ የሐበሻ ግቢ ነው። ልቅሶ ይመጣል፣ ሰርግ ይመጣል፣ ዝክር አለ፣ ማኅበር አለ። የእድሩ ድንኳን የት ይተከላል? በርበሬው የት ይሰጣል? ልብስስ? ከውጭ አገር መጽሔት ላይ የተቀዳ የግቢ ንድፍ እኛ ዘንድ የሚፈርሰው በዚህ ነው። ሃያ ሰው የሚያስቀምጥ ክፍት ቦታ አይተውም። በእኛ 8 በ5 ግቢ ውስጥ ከመተላለፊያው በአንዱ ወገን ያለውን ቦታ ባዶ ተዉት፤ ጠጠር ወይም ሰርዶ አልብሱት። የድንኳኑ እንጨት የሚቆምባቸውን አራት ቀዳዳዎች ከአሁኑ ቱቦ ቀብራችሁ በክዳን ብትዘጓቸው ደግሞ በመከራ ቀን ንጣፋችሁን ማንም በአካፋ አይፈነቅልባችሁም። ተክሉ በሌላው ወገንና በአጥሩ ሥር ይሁን።

ስለ ሣር ከተነሣ፣ በየሆቴሉ ያለውን ዓይነት ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ሣር ለቤታችሁ አልመክርም። በጋ ላይ አንድ ካሬ ሜትር እንዲህ ያለ ሣር በቀን ከ4 እስከ 5 ሊትር ውኃ ይጠጣል። 20 ካሬ ሜትር ብትተክሉ በቀን አራት አምስት ጄሪካን ነው። የአንገረብ ግድብ በደለል እየተሞላ፣ ቧንቧው በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ይህ ቅንጦት ነው፤ ደፍሬ ልናገር፣ ነውርም ነው። ሰርዶ በጋ ላይ ይገረጣል፣ የሞተ ይመስላል፤ ሰኔ ላይ ሁለት ዝናብ ሲያገኝ ግን ይነሣል። ፕላስቲክ ሣር ደግሞ ከነአካቴው ይቅር፤ ፀሐይ ሲመታው ይሰባበራል፣ ከሥሩ አፈሩን ያፍናል።

አሁን አጥር። የኮሪደር ልማቱ ጎንደር ከደረሰ ወዲህ በዋና ዋና መንገዶች ዳር ብዙ አጥር ተነሥቷል፣ ዝቅ ብሏል፣ ውስጥ የሚያሳይ ሆኗል። ሰው ይህን ሲያይ በሁለት ይከፈላል፤ ግቢዬ ሜዳ ላይ ወጣ የሚል አለ፣ ከተማዋ ተነፈሰች የሚልም አለ። እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ፤ ነገር ግን ሌባም እንዳለ፣ ሴቶች በራቸው ላይ ሲቀመጡ አላፊ አግዳሚው እንዲያያቸው እንደማይፈልጉም አውቃለሁ። የሚያስታርቀው ከታች አንድ ሜትር የድንጋይ ግንብ፣ ከላዩ ፍርግርግ ወይም ከጀርባው ሕያው አጥር ነው። አጥር ከማንቀሳቀሳችሁ በፊት ግን ማዘጋጃ ቤት ጠይቁ። በተለይ ቤታችሁ ለፋሲል ግቢና ለሌሎቹ ቅርሶች የቀረበ ከሆነ፤ ቅርሱ እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ የዓለም ነው፣ በዙሪያው የሚሠራ ነገር ፈቃድ ይፈልጋል።

ቆርቆሮውን መለወጥ የማትችሉ አድሱት። በብረት ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ዝገቱን አንሡ፣ አቧራውን በጨርቅ ጥረጉ፣ ፀረ ዝገት ቀቡ፣ አንድ ቀን አሳድራችሁ የቅባት ቀለሙን ሁለት ጊዜ። ፀረ ዝገቱን የዘለለ ሰው ዝገቱን ቀለም ቀባ ማለት ነው። ቀለሙ ደብዘዝ ያለ ይሁን፤ ጥቁር አረንጓዴ፣ የድንጋይ መልክ። ደማቅ ሰማያዊና ቢጫ ከሩቅ ይጣራል፣ ከፊቱ የምትተክሉትን ሁሉ ይውጠዋል።

ግድግዳውስ? የጭቃ ግድግዳ ላይ የቅባት ቀለም አትቀቡ። ግድግዳው ከመሬትም ከውስጥም እርጥበት ይስባል፤ ያን እርጥበት በፊቱ በኩል መልሶ ማውጣት አለበት። የቅባት ቀለም መውጫውን ሲዘጋበት ቀለሙ ይነፋና ልስኑን ይዞ ይወድቃል። ኖራ ግን ያስተነፍሳል። ፋሲል በ1620ዎቹ ከተማውን ሲቆረቁር የተጀመሩት ግንቦች የተያያዙት በኖራ ነው፤ ወደ 400 ዓመት ክረምትና በጋ ተፈራርቆባቸው ቆመዋል። እናንተ ደግሞ ኖራውን በውኃ ቢያንስ አንድ ሌሊት አሳድሩት፣ እፍኝ ጨው ጨምሩበት፣ እንደ ወተት ቀጭን አድርጉት። ግድግዳውን በውኃ አርከፍክፉና በስሱ ሦስት ጊዜ ቀቡ። በአንድ ጊዜ አወፍሮ መቀባት ያስረግፈዋል። ዓይናችሁንና እጃችሁን ጠብቁ፤ ኖራ ዓይን ያቃጥላል፤ ልጆችን አርቁ።

እንግዲህ ተክሉ ደረሰ። መጀመሪያ ስለ ዛፍ ማስጠንቀቂያ። ጥምቀተ ባሕሩን ያላየ ጎንደሬ የለም። የዛፎቹ ሥር በግንቡ ላይ እንደ ገመድ ወርዶ ድንጋዩን አቅፎታል፤ እንግዳ ሁሉ ከፊቱ ፎቶ ይነሣል። እኔም ባየሁት ቁጥር ይደንቀኛል። ግን ያ ሥር የእናንተ ሽንት ቤትና መሠረት ውስጥ ሲገባ አያምርም። ዋርካና ሾላ የአደባባይ ዛፍ ናቸው፤ የጃን ተከልን ዋርካ የሚችለው የጃን ተከል ሜዳ ነው። 5 ሜትር ደጃፍ ውስጥ ይህን ዘር አትትከሉ። ባሕር ዛፍም አይሆንም፤ ውኃውን ይመጥጣል፣ ዋልካ ላይ ከሆነ ደግሞ አፈሩን አድርቆ ስንጥቁን ወደ መሠረታችሁ ያመጣል። ጥግ ላይ የተውነውን የፈረንጅ ጥድ አሁን እዩት። ከግድግዳው ሦስት ሜትር የማይርቅ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦም የሚነካ ከሆነ ይቆረጥ። ርቀቱ ደህና ከሆነ የታችኛውን ቅርንጫፍ እስከ ሰው ቁመት ድረስ ቁረጡለት፤ ግንዱ ሲገለጥ ግቢው ይሰፋል፣ ሥሩም ጥላ ይሆናል።

አንድ ዛፍ ካማራችሁ ወይራ ትከሉ። አያድግም ይላሉ፤ ለአንድ ደጃፍ ጥሩነቱ እሱ ነው። ከግድግዳው አራት ሜትር ይራቅ። እንዲህ ያለውን የአገር ዛፍ ዘሩን ጠብቀው ያቆዩልን ደብሮቻችን ናቸው። “እመጓ”ን ያነበባችሁ ደራሲውን ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴን ታውቁታላችሁ፤ ሙያው የደን ሥነ ምኅዳር ነው፣ ለዓመታት ያጠናውም የደቡብ ጎንደርን የአብያተ ክርስቲያናት ደኖች ነው። ያ ጥናት ካሳያቸው ነገሮች አንዱ ለእኛ ደጃፍም ይጠቅማል፤ የደኑ ቡቃያ የሚተርፈው ከብት እንዳይገባ ሲከለከል ነው። የእናንተ ከብት ለፋሲካ የተገዛው በግ ነው። ሁለት ቀን ታስሮ የሁለት ዓመት ጽጌረዳ ጨርሶ የሚታረድ በግ ስንት ነው! ለችግኞቻችሁ እሾህ ወይም የዶሮ ሽቦ ክበቡላቸው።

ለሕያው አጥር ሰንሰልን የሚያህል የለም፤ ስሚዛ የምትሉትም እሱኑ ነው። ከጎረቤት አጥር ቅርንጫፍ ለምናችሁ፣ ክንድ በሚያህል ርዝመት ቆርጣችሁ፣ ዝናቡ ሲረጋ በየ30 ሳንቲ ሜትሩ ሰክታችሁ ማስያዝ ነው። ፍየል አይደፍረውም፤ ነጭ አበባው ላይ ንብ ይሰፍርበታል። ቅንጭብ ግን ልጅ ባለበት ግቢ አይሁን፤ ወተቱ ዓይን ያጠፋል። ጌሾ ከሰንሰሉ ፊት ብትደረድሩ ቅጠሉ ዓመቱን ሙሉ ያብረቀርቃል፣ ለበዓል ጠላም ከገበያ ያሳርፋችኋል። በበሩ ግራና ቀኝ እሬት አድርጉ፤ ያለ ውኃ በጋውን ያልፋል፣ ሌላው ሁሉ ሲደርቅ እሱ ያብባል። ቡጋንቪላም ውኃ ሲያንሰው ይብስ የሚያብብ ነው፤ እሾህ ስላለው ከመተላለፊያው ይራቅ። ጽጌረዳ አንድ ሁለት እግር ይበቃል፤ የምትከረክሙት ሰዎች ናችሁና አቅማችሁን እወቁ። ከበረንዳው ሥር፣ እጅ በሚደርስበት፣ ጤና አዳም፣ በሶብላና ጠጅ ሣር፤ እንግዳ ቀሚሱ ሲነካቸው ደጃፉ ይሸታል፣ ለቡናውም ጤና አዳሙ ቅርብ ነው። የአደይ ዘር ደግሞ ኅዳር ላይ ከሜዳ ልቀሙ፣ ሰኔ ላይ ባዶ ቦታ ላይ በትኑ። ለመስከረም ያላችሁት ሁሉ እሱ ነው፤ ዋጋውም ምንም።

ቆንጆ ነው ተብሎ የሚሰጣችሁን ሁሉ ግን አትትከሉ። የወፍ ቆሎ በየአጥሩ የሚታየው ቀለሙ ስለሚያምር ነው፤ ወፍ ዘሩን ይበትነውና ግጦሹን ይወርሰዋል፣ ከብትም ይመርዛል። እምቦጭም ቢሆን ከደቡብ አሜሪካ ወጥቶ ዓለምን ያዳረሰው በሐምራዊ አበባው ምክንያት የኩሬና የአትክልት ቦታ ጌጥ ተደርጎ ነበር። ጣና ላይ እ.ኤ.አ. በ2011 ከታየ ወዲህ የደምቢያ ዓሣ አጥማጅና ገበሬ ምን እንዳየ እናውቃለን።

የበጋውን ውኃ ነገር እንጨርስ። እጣቢ አትድፉ፤ ለአጥሩና ለዛፉ አጠጡት። በረኪና የገባበትን ብቻ አርቁ፤ የምትበሏቸው ቅጠሎች ላይም አታፍስሱ። ሌላው ዘዴ የሸክላ ማሰሮ ነው። ጢስ ያልታጠነ፣ ያልተሟሸ አዲስ ማሰሮ ከተክሉ ሥር 30 ሳንቲ ሜትር ርቃችሁ እስከ አንገቱ ቅበሩ፤ ውኃ ሞልታችሁ ክደኑት። ውኃው በሸክላው ገላ ቀስ እያለ ይሰርጋል፣ ሥሩ ወደሱ ይሄዳል፣ ፀሐይ አይወስደውም። ለጽጌረዳና ለሎሚ ይህን የሚያህል የለም። ወደ ደባርቅ መውጫ ያለችው ወለቃ ቤተ እስራኤላውያን በሸክላ ሥራቸው ያስጠሯት መንደር ናት፤ ሸክላ ሠሪዋን ለአትክልት ነው ብላችሁ ሳታሟሽ እንድትሸጥላችሁ ብትጠይቋት ትስቅ ይሆናል፤ ትሸጥላችኋለች።

ደባርቅና ዳባት ያላችሁ፣ ለእናንተ ጠላቱ ሌላ ነው። ጎንደር 2,100 ሜትር ግድም ላይ ናት፤ ደባርቅ ከ2,800 ይበልጣል። ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ውርጭ ይጥላል፤ ቡጋንቪላውን በአንድ ሌሊት ያከስለዋል። የእናንተ ደጃፍ የወይራ፣ የአበሻ ጥድ፣ የኮሶ ነው። ጽጌረዳ ይስማማችኋል፤ በመንገድ ዳር የሚበቅለው ቀጋ ደግሞ የራሳችሁ የአገር ጽጌረዳ ነው፣ በአጥር ላይ ብትለቁት ነጭ አበባውን አትጠግቡትም። ወጣት ችግኝ በውርጭ ወራት ማታ ማታ በጭድ ወይም በጆንያ ሸፍኑ፣ ጠዋት ግለጡ። ወደ ደቡብ የሚያይ ግድግዳ ሥር የተተከለ የበለጠ ይሞቀዋል፤ በበጋ ፀሐይ ወደዚያ ታዘነብላለችና።

እንግዲህ አሁን ግንቦት ነው። በዚህ ሳምንት አሸንዳውን፣ ጠጠሩንና ቦዩን ጨርሱ። ድንጋዩ ሰኔ ሳይጠና ይነጠፍ። የችግኝ ጉድጓድ ከአሁኑ ቆፍሩ፤ ለቁጥቋጦ 40 በ40፣ ለዛፍ 60 በ60፣ የላዩን አፈር ለብቻ አስቀምጡና ከበሰለ ፍግ ጋር ደባልቁት። ተከላው ሐምሌ መግቢያ ላይ ይሁን። በየዓመቱ በክረምት ተከላ ጊዜ የሚታደለው ችግኝ ይደርሳችኋል፤ ጥቁሩን ላስቲክ ቀድዳችሁ አውጡለት፣ ከነላስቲኩ የተቀበረ ችግኝ በየቦታው ስላለ ነው የምለው። ነሐሴ ማረሚያ ነው። መስከረም መጨረሻ ዝናቡ ሲያቆም እርጥበቱ ሳያመልጥ በየተክሉ ሥር አራት ጣት የሚያህል ጭድ ወይም ደረቅ ቅጠል አልብሱ፣ ግንዱን ሳያስነኩ። ጥቅምት ላይ ማሰሮውን መሙላት ትጀምራላችሁ። ቀለሙና ኖራው ታኅሣሥ ላይ ይቆይ፤ ግድግዳው የክረምቱን እርጥበት ጨርሶ ሳያወጣ አትቀቡት፣ ለጥምቀትም ይደርሳል።

በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ሰዓት ወደ ጓሮ እንዞራለን፤ ስለ ጎመንና ስለ ብስባሽ ጉድጓድ ይሆናል።